ፍቺያቸው አንድ የሚመስሉ የእንግሊዝኛ ግሶችን ለይቼ ያወቅኩበት መንገድ

ይህን የምጽፈው እንግሊዝኛን ለዓመታት ተምረው፣ የግሱን አረባብ በየጊዜያቱ አውቀው፣ ነገር ግን መጻፍ ወይም መናገር ሲጀምሩ «ሴይ» ልበል ወይስ «ቴል»፣ «ራይዝ» ነው ወይስ «ሬይዝ» እያሉ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ለሚቆሙ ሰዎች ነው። እኔም እንዲሁ ስቆም ኖሬአለሁ። መጽሐፍ አጥቼ ወይም ጊዜ ነፍጌው አልነበረም፤ ግሶቹን የማጠናበት መንገድ ራሱ ልዩነታቸውን የሚያጠፋ ስለነበረ ነው። መንገዱን ከቀየርኩ በኋላ የተቸገርኩባቸው ጥንዶች ቀስ በቀስ እየጠሩልኝ መጡ። ሌላው ሰው ያን ያህል ጊዜ እንዳያጠፋ፣ የሄድኩበትን በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው።

በተማሪነቴ ዘመን እንደ ብዙዎቻችን ሁሉ የደብተሬን ገጽ በመስመር ለሁለት ከፍዬ፣ በግራ የእንግሊዝኛውን ግስ፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ እጽፍ ነበር። «ዌይት» ጠበቀ፤ «ኤክስፔክት» ጠበቀ። «ሪሜምበር» አስታወሰ፤ «ሪማይንድ» አስታወሰ። «ዊን» አሸነፈ፤ «ቢት» አሸነፈ። ፈተና የሚጠይቀው ፍቺን ስለነበረ ውጤቴ መልካም ነበር፤ መልካሙ ውጤት ደግሞ ደብተሩን ይበልጥ እንዳምነው አደረገኝ። ሆኖም በቀኝ በኩል የተጻፈው አንድ የአማርኛ ቃል በግራ በኩል ያሉትን ሁለት ግሶች በአእምሮዬ ውስጥ አንድ አድርጓቸው ነበር። ለመናገር ስነሣ ቀድሞ የሚመጣልኝ አማርኛው ነው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ስሻገር ሁለት ግስ እኩል ይቀርብልኛል፤ የትኛውን መምረጥ እንዳለብኝ የሚነግረኝ አንዳች ነገር ግን በደብተሩ ላይ የለም።

ችግሩ ነጥብ ከማሳጣት ያለፈ መሆኑን የተረዳሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ሥራዬ በየቀኑ በእንግሊዝኛ መጻጻፍን ይጠይቅ ነበርና ለአንድ ደንበኛ «አይ ኤክስፔክት ዩር አንሰር ቱዴይ» ብዬ ጻፍኩ። በልቤ የነበረው «መልስዎን ዛሬ እጠብቃለሁ» የሚለው፣ በአማርኛ ማንንም የማያስቀይም፣ እንዲያውም ትሕትና ያለው አነጋገር ነው። ደንበኛው ዘንድ የደረሰው ግን ሌላ ነበር። «ኤክስፔክት» አንድ ነገር እንደሚሆን አስቀድሞ ማመንን ይገልጻል፤ ከሰው በሚጠበቅ ነገር ላይ ሲውል ደግሞ «ልታደርገው ይገባሃል» የሚል ግዴታ ይሸከማል። አለቃ ለሠራተኛው የሚናገረው ቃል ነው። የመጣልኝ መልስ አጭርና ቅር መሰኘትን የሚያሳይ ስለነበረ፣ ነገሩን ለማለስለስ ሌላ ብዙ መጻጻፍ አስፈለገ። ነገሩ እስኪደርስ ድረስ መቆየትን ብቻ የሚገልጸው «ዌይት» ነው፤ እርሱም የሚጠበቀውን ነገር ያለ «ፎር» ስለማይቀበል «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ዩር አንሰር» ይባላል። ይህም ቢሆን በመደበኛ ደብዳቤ ውስጥ ትዕግሥት ማጣት ሊመስል ይችላል። ለእንዲህ ያለው ጊዜ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» የሚለው የተለመደና ማንንም የማያስከፋ ነውና ሳታመነቱ ተጠቀሙበት።

ከዚህ በኋላ በዕድሜም በሥራም የሚበልጡኝን አንድ ባልደረባዬን፣ ረቂቆቼን ከመላኬ በፊት እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን አርመው አይሰጡኝም ነበር። ግሱን በእርሳስ ያሰምሩበትና «ከዚህ ቃል ቀጥሎ የመጣው ምንድን ነው? ሰው ነው፣ ነገር ነው፣ ወይስ ምንም የለም?» ብለው ይጠይቁኛል። በየረቂቁ ላይ የምሰማው ይህንኑ ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ ላይ ትርጉም ላይ ሳለሁ ስለ ቦታ የሚጠይቁኝ ይመስለኝ ስለነበረ አሰልቺ ሆኖብኝ ነበር፤ እየቆየ ግን ነገሩን ሁሉ የቀየረው ይህ ጥያቄ ሆነ። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በግሱ ላይ ይቀጽላል፤ «ነገረኝ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ነጋሪውም የተነገረውም ሰው አሉ። እንግሊዝኛ ይህን መረጃ የሚያስቀምጠው ከግሱ ውጭ፣ በቃላት ቅደም ተከተልና በመስተዋድድ ነው። እኛ ግሱን ብቻ ስናጠና ግማሹን እየተውን ነው።

ጥያቄውን መጀመሪያ የሞከርኩት «ሴይ» እና «ቴል» ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ የማዘወትራቸው እነርሱ ነበሩ። «ሂ ሴድ ሚ» የሚለው ስህተት ከየት እንደሚመጣ ስፈልግ ምንጩን እዚሁ ቋንቋችን ውስጥ አገኘሁት። «እመጣለሁ አለኝ» እንላለን፤ «አለ» የሚለው ግሳችን የሰሚውን ምልክት ያለ ምንም ችግር ይቀበላል። «ሴይ» ግን አይቀበልም። ከ«ሴይ» ቀጥሎ መምጣት ያለበት የተባለው ነገር ነው፤ ከ«ቴል» ቀጥሎ መምጣት ያለበት የተነገረው ሰው ነው። «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዎዝ ታየርድ» ማለት «ደክሞኛል አለ» ነው፤ «ሂ ቶልድ ሚ ዛት ሂ ዎዝ ታየርድ» ደግሞ «እንደደከመው ነገረኝ»። ሰሚውን ከ«ሴይ» ጋር መጥቀስ የግድ ካስፈለገ በ«ቱ» አማካይነት ይመጣል፤ «ዋት ዲድ ሂ ሴይ ቱ ዩ» ይባላል፤ «ምን አለህ» ማለት ነው። ትእዛዝ ሲሆን ደግሞ «ቴል» ብቻ ነው የሚሆነው፤ «ሺ ቶልድ ሚ ቱ ዌይት» ማለት «እንድጠብቅ ነገረችኝ» ነው። ሰው ሳይጠቀስ «ቴል» የሚመጣባቸው ጥቂት የተወሰኑ አነጋገሮች አሉ፤ እውነት መናገር «ቴል ዘ ትሩዝ»፣ ተረት ወይም ታሪክ መናገር «ቴል ኤ ስቶሪ»፣ ልዩነትን ለይቶ ማወቅ «ቴል ዘ ዲፈረንስ»። እነዚህን እንዳሉ ያዟቸው፤ ደንቡን አያፈርሱትም።

በዚሁ ጎዳና ሌሎች ስህተቶችም ወዲያው ታዩኝ። «አስረዳኝ» ስለምንል «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን፤ ትክክለኛው ግን «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው፤ ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣው የሚብራራው ነገር ሲሆን ሰውየው በ«ቱ» ይከተላል። «ሰጀስት»ም እንዲሁ ነው። በተቃራኒው «ስለ ዕቅዱ እንወያይ» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፤ ነገር ግን «ዲስከስ» የሚነጋገሩበትን ጉዳይ በቀጥታ ስለሚቀበል «ሌትስ ዲስከስ ዘ ፕላን» ይበቃል። «ቶክ» ግን «አባውት» ያስፈልገዋል። «ስፒክ» ከ«ቶክ» የሚለይበት ዋናው ነገር ቋንቋን በቀጥታ መቀበሉ ነው፤ «ስፒክ ኢንግሊሽ» ይባላል እንጂ «ቶክ ኢንግሊሽ» ሲባል አትሰሙም።

«ዊን» እና «ቢት»ም በዚሁ ጥያቄ ተለያዩልኝ። አማርኛ «ውድድሩን አሸነፍን» እና «ተጋጣሚዎቻችንን አሸነፍን» ሲል ግሱን አይለውጥም። በእንግሊዝኛ «ዊን» የሚቀበለው ውድድሩን፣ ምርጫውን ወይም ሽልማቱን ነው፤ ተሸናፊውን የሚቀበለው «ቢት» ነው። «ዊ ዎን ዜም» የሚለውን የሰማ እንግሊዛዊ ሰዎቹ ራሳቸው በሽልማት መልክ የተገኙ ይመስለዋል። «ስቲል» እና «ሮብ» ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ «ስቲል» የተሰረቀውን ነገር፣ «ሮብ» የተዘረፈውን ሰው ወይም ቦታ ይቀበላል።

«ሪሜምበር» እና «ሪማይንድ» ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋሉ፤ አማርኛችን ለሁለቱም «አስታወሰ» ስለሚል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። «ነገ አስታውሰኝ» ለማለት «ሪሜምበር ሚ ቱሞሮው» ያለ ሰው፣ ሊሰናበት የተነሣና እንዳይረሳ የሚለምን ሰው ይመስላል። «ሪማይንድ» ሁልጊዜ እንዲያስታውስ የሚደረገውን ሰው ከኋላው ያስከትላል፤ አንዱ ሌላውን እንዲያስታውስ ያደርገዋል። «ሪሜምበር» ግን በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ነው። ይህን ስረዳ ደግሞ ሌላ ልዩነት አገኘሁ። «አይ ሪሜምበርድ ቱ ሎክ ዘ ዶር» ማለት «በሩን መቆለፍ እንዳለብኝ ትዝ ብሎኝ ቆለፍኩት» ነው፤ «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ደግሞ «በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ» ነው። በመጀመሪያው መታወሱ ይቀድማል፣ መቆለፉ ይከተላል፤ በሁለተኛው መቆለፉ ቀድሟል። «ስቶፕ»ም ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ «ስቶፕ ቱ ቶክ» ለማውራት ቆመ፣ «ስቶፕ ቶኪንግ» ማውራት አቆመ። አማርኛ «ቆመ» እና «አቆመ» ብሎ በግሱ የሚለየውን እንግሊዝኛ ከግሱ በሚቀጥለው ቃል ቅርጽ ይለየዋል።

ይህ የ«ቆመ» እና «አቆመ» ነገር ወደ ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ መራኝ። ለረጅም ጊዜ አማርኛ እንቅፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያለ አማርኛ እንድናስብ የሚመክሩ መምህራንም ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን «ራይዝ» እና «ሬይዝ» ላይ ተስፋ በቆረጥኩበት ጊዜ መፍትሔውን ያገኘሁት በአማርኛ ነው። «ራይዝ» ተነሣ፤ «ሬይዝ» አነሣ። «ላይ» ተጋደመ፤ «ሌይ» አጋደመ። «ሲት» ተቀመጠ፤ «ሴት» አስቀመጠ። ባለቤቱ ራሱ የሚሆነውን ከሌላው ላይ ከሚያደርገው ለመለየት እኛ በቃሉ መጀመሪያ ላይ «ተ» እና «አ» ወይም «አስ» እንቀያይራለን፤ እነርሱ በመካከሉ ያለውን አናባቢ ቀይረዋል። ይህ በአጋጣሚ የተፈጠረ መመሳሰል ብቻ አይደለም። በጥንታዊዎቹ የጀርመንኛ ቤተሰብ ቋንቋዎች አንዱን ግስ ወደ አድራጊ የሚለውጥ ቅጥያ ነበረ፤ ቅጥያው በጊዜ ብዛት ጠፍቶ በእንግሊዝኛ የቀረው አሻራው፣ ማለትም የተለወጠው አናባቢ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሊክጋን» መጋደም፣ «ሌክጋን» ማጋደም ነበሩ። «ፎል» ወደቀ፣ «ፌል» ደግሞ ዛፍ ቆርጦ ጣለ የሚባለውም ከዚሁ ነው። «ሬይዝ» ከሰሜኖቹ የኖርስ ሰዎች ቋንቋ የገባ ቢሆንም ከ«ራይዝ» ጋር ያለው ዝምድና ያው ነው። ለእንግሊዛውያን ይህ የሞተ ስልት ነው፤ ለእኛ ግን በየቀኑ የምንጠቀምበት ሕያው ሥርዓት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ከብዙዎች የተሻለ መነሻ አለው።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን እንሳሳታለን? ለ«ራይዝ» ያገኘሁት መልስ «ጨመረ» የሚለው ቃላችን ነው። «ዋጋው ጨመረ» እንላለን፤ «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ»ም እንላለን። እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ አይለይም፤ ስለዚህ «ዘ ፕራይስ ሬይዝድ» እንላለን፤ ስህተት ነው። ዋጋው በራሱ ሲወጣ «ዘ ፕራይስ ሮዝ»፣ ሰው ሲያወጣው «ዜይ ሬይዝድ ዘ ፕራይስ» ነው። በአእምሯችሁ «ጨመረ» የሚለውን ትታችሁ «ተነሣ» ወይስ «አነሣ» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ወዲያው ይመጣል። በንግግር መካከል ጨርሶ ከጠፋባችሁ ደግሞ «ኢንክሪስ» አለላችሁ፤ እርሱ ልክ እንደ «ጨመረ» ሁለቱንም ይሠራል።

«ላይ» እና «ሌይ» ከዚህ የሚከብዱበት ሌላ ምክንያት አላቸው። የ«ላይ» ኀላፊ ጊዜ «ሌይ» ነው፤ ማለትም «ተጋደመ» የሚለው ቃል «አጋድም» ከሚለው ጋር በድምፅም በጽሑፍም አንድ ይሆናል። የ«ሌይ» ኀላፊ ደግሞ «ሌይድ» ነው። በዚያ ላይ «መዋሸት» የሚል ፍቺ ያለው ሌላ «ላይ» አለ፤ የእርሱ ኀላፊ «ላይድ» ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎችም በንግግር ውስጥ ሁለቱን ያቀያይሯቸዋልና፣ እዚህ ላይ ብትሰናከሉ ብዙ አትዘኑ። በጽሑፍ ግን «ሺ ሌይ ኦን ዘ ቤድ» አልጋው ላይ ተጋደመች፣ «ሺ ሌይድ ዘ ቤቢ ኦን ዘ ቤድ» ሕፃኑን አልጋው ላይ አጋደመችው የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ ያዙ፤ ከሁለቱ እየተነሣችሁ ሌላውን ማስተካከል ትችላላችሁ።

«ቦሮው» እና «ሌንድ»ም በዚሁ ዘዴ በቀላሉ ይፈታሉ፤ ተዋሰ፣ አዋሰ። እኛ ከአንድ ሥር ሁለቱንም ስለምናወጣ እነርሱም አንድ ግስ የሚበቃቸው መስሎን «ካን ዩ ቦሮው ሚ» እንላለን። የሚዋሰው «ቦሮው» ይላል፤ ከማን እንደሆነ በ«ፍሮም» ይገልጻል። የሚያውሰው «ሌንድ» ይላል፤ ከኋላው ሰውየውን በቀጥታ ወይም በ«ቱ» ያስከትላል። «ብሪንግ» እና «ቴክ» ደግሞ ይዞ መምጣትና ይዞ መሄድ ናቸው፤ አማርኛ ይህን ልዩነት በግልጽ ስለሚያደርግ ብዙ አያስቸግሩም።

ሦስተኛው ጥያቄ ዘግይቶ የመጣልኝ ነው፤ የሚነገረው አንድ ቅጽበት ነው ወይስ የሚቆይ ሁኔታ? «ለበሰ» የሚለው ግሳችን ልብሱን ማጥለቅን ይገልጻል፤ «ለብሷል» ስንል ግን ልብሱ በላዩ ላይ መኖሩን እንገልጻለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱ የተለያየ ግስ አለው፤ ማጥለቁ «ፑት ኦን»፣ ለብሶ መቆየቱ «ዌር»። «ቶሎ ኮቴን ለበስኩና ወጣሁ» ለማለት «አይ ዎር ማይ ኮት ኤንድ ሌፍት» ብዬ ስጽፍ፣ ግሱ ልብሱን የማጥለቁን ድርጊት ጨርሶ አይነግርም፤ መባል ያለበት «አይ ፑት ኦን ማይ ኮት» ነው። «አወቀ»ም እንዲሁ ነው። ስለ አንድ ሰው «ያወቅኩት ሥራ ቦታ ነው» ስንል የተዋወቅንበትን ጊዜ ማለታችን ነው፤ ይህ «ሚት» ነው እንጂ «ኖው» አይደለም። አንድን ወሬ ወይም እውነት «ያወቅኩት ትናንት ነው» ስንል ደግሞ «ፋይንድ አውት» ነው። «ኖው» ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ሁኔታ ነው። «ተኛ»ም እንዲሁ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ወደ አልጋ መሄድ «ጎ ቱ ቤድ»፣ እንቅልፍ መውሰዱ «ፎል አስሊፕ»፣ ተኝቶ መቆየቱ «ስሊፕ»።

«ሂር» እና «ሊስን» ላይ የሚያሳስተን «ስማኝ» የሚለው አነጋገራችን ነው፤ ጆሮ ስጠኝ ማለታችን ስለሆነ «ሊስን ቱ ሚ» መባል አለበት። «ሂር» ሳናስበው ወደ ጆሯችን የሚገባው ነው። በዓይን በኩል «ሲ» ከ«ሂር»፣ «ሉክ አት» ከ«ሊስን ቱ» ጋር ይመሳሰላሉ፤ «ዎች» ደግሞ የሚንቀሳቀስን ወይም የሚለዋወጥን ነገር ለተወሰነ ጊዜ መከታተል ነው።

«ሆፕ» እና «ዊሽ» እንደ «ኤክስፔክት» ሁሉ ሰውን ያስቀይማሉ፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይባቸው። «አይ ሆፕ ዩ ካን ካም» ስንል በሩ ክፍት ነው፤ ሰውየው ሊመጣ ይችላል። «አይ ዊሽ ዩ ኩድ ካም» ስንል ግን እንደማይመጣ አስቀድመን አውቀን መቆጨታችን ነው። ለተጋባዥ ሁለተኛውን የጻፈለት ሰው ሳያስበው «አንተ እንደማትመጣ አውቃለሁ» ብሎታል። ለዚህም አማርኛ ጥሩ መፈተኛ አለው፤ ሐሳባችሁ በ«ምነው» የሚጀምር ከሆነ፣ «ምነው መልሱን ባወቅኩ» እንደምንለው፣ «ዊሽ» ነው፤ ግሱም ወደ ኀላፊ ጊዜ ይመለሳል፤ «አይ ዊሽ አይ ኒው ዘ አንሰር»። «ተስፋ አለኝ» ብላችሁ የምትጀምሩት ከሆነ «ሆፕ» ነው። «ዊሽ» ከኋላው ሰውንና ስምን ብቻ ሲያስከትል ግን መልካም ምኞት ይሆናል፤ «አይ ዊሽ ዩ ሰክሰስ» ስኬትን እመኝልሃለሁ ማለት ነው፤ ምንም ቁጭት የለበትም።

እስካሁን ያልኳቸው ሁሉ በጥያቄ የሚፈቱ ናቸው። «ሜክ» እና «ዱ» ግን በጥያቄ ሙሉ በሙሉ አይፈቱም፤ ደንብ ፍለጋ ብዙ ጊዜ ካጠፋሁ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። «ሜክ» ያልነበረን ነገር ማስገኘት፣ «ዱ» ሥራን ማከናወን ነው የሚለው ደንብ የተወሰነ ርቀት ያስኬዳል፤ ከዚያ በኋላ ይጥላችኋል። «ሜክ ኤ ሚስቴክ»፣ «ሜክ ኤ ዲሲዥን»፣ «ሜክ አን ኤፈርት»፣ «ሜክ ፕሮግረስ» ይባላል፤ «ዱ ሆምወርክ»፣ «ዱ ኤ ፌቨር»፣ «ዱ ዳሜጅ»፣ «ዱ ዩር ቤስት» ይባላል። እኛ ስህተትንም የቤት ሥራንም «ሠራን» ስለምንል ሁለቱን እናደባልቃለን። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ አማርኛም እኮ ጥረት ያደርጋል፣ ጉዳት ያደርሳል፣ ውሳኔ ይሰጣል፣ ፎቶ ያነሣል፤ ማናችንም ይህን ደንብ ተሰጥቶን አልተማርነውም። ስለዚህ ስሙን ከግሱ ጋር እንደ አንድ ቃል አድርጋችሁ ያዙት። «ሚስቴክ» የሚለውን ቃል ብቻውን አትጻፉ፤ «ሜክ ኤ ሚስቴክ» ብላችሁ ጻፉ።

የአጠናን ስልቴም በዚህ ምክንያት ተለወጠ። የሁለት ዓምዱን ደብተር ትቼ ለእያንዳንዱ ግስ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርኩ፤ ዓረፍተ ነገሩ ከራሴ ሥራና ሕይወት የተወሰደ፣ በእርግጥ ልናገረው የምችለው መሆን አለበት። ከግሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በሌላ ቀለም አሰምርበታለሁ። ለዚህ ሥራ የሚረዳው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው መዝገበ ቃላት ሳይሆን ለተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ ከከፈቱት አንዱ በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩት ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ናቸው፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 በቶኪዮ፣ በ1948 ደግሞ በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ታተመ። ዋና ጭንቀታቸው ግሱ በምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደሚገባ ለተማሪው ማሳየት ነበር። በ1987 የወጣው ኮቢልድ የተባለው መዝገበ ቃላት ደግሞ ፍቺውን ራሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚያስቀምጥ፣ ግሱ ማንን ከኋላው እንደሚያስከትል ከፍቺው ላይ ይነበባል። ዛሬ የእነዚህ ዓይነት መዝገበ ቃላት በስልክ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ስትከፍቷቸው ፍቺውን አንብባችሁ አትዝጉ፤ ምሳሌዎቹን አንብቡ፤ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር እወዳለሁ፤ የሚያምታቱ ሁለት ግሶችን አዲስ በሆኑባችሁ ጊዜ በአንድ ቀን ጎን ለጎን አታጥኑ። ብዙ መጻሕፍት እንዲህ ያቀርቧቸዋል፤ እኔም ይህ ትክክለኛው መንገድ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የታተሙ የቃላት አጠናን ጥናቶች ፍቺያቸው የሚቀራረብ አዳዲስ ቃላትን በአንድነት ማጥናት እርስ በርስ እንዲጋጩና ትምህርቱ እንዲዘገይ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። የእኔም ልምድ ይህንኑ ይመሰክራል። «ሌንድ» ሳታስቡ ከአፋችሁ እስኪወጣ ድረስ ብቻውን ተለማመዱት፤ «ቦሮው» ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጎን ለጎን ማነጻጸር የሚጠቅመው አንዱ ከጸና በኋላ ነው።

በመጨረሻ ስለ ቅደም ተከተል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማረም የተነሣ ሰው በንግግር መካከል ምላሱ ይታሰራል፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ ከበፊቱ ይበልጥ ዝምተኛ ሆኜ ነበር። ከጽሑፍ ጀምሩ፤ በጽሑፍ ለማሰብ ጊዜ አላችሁ። ከጥንዶቹም በመጀመሪያ ሰውን የሚያስቀይሙትን ወይም መልእክቱን የሚገለብጡትን አንሡ፤ «ኤክስፔክት»ን ከ«ዌይት»፣ «ዊሽ»ን ከ«ሆፕ»፣ «ሪማይንድ»ን ከ«ሪሜምበር»፣ «ሌንድ»ን ከ«ቦሮው»። ቀጥሎ በየሰዓቱ የምትጠቀሙባቸውን «ሴይ» እና «ቴል»ን፣ ከዚያም «ሜክ» እና «ዱ»ን ያዙ። «ላይ» እና «ሌይ» መጨረሻ ላይ ቢመጡ የሚጎዳ ነገር የለም።